መኪና ላይ የሚታሰረው ዕቃ ነዳጅ ይቆጥባል ወይ?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



 የዛሬው ጉዳይ ከፍሳሹና ከጥበቃው ደመወዝ ወጣ ያለ ነው። እንደምታውቁት ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ አንድ ሻጭ ቦርሳውን ይዞ መግቢያ በራችን ላይ እየቆመ ለመኪና የሚገጠሙ ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ሲያሳየን ሰንብቷል። በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት አለ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ መብራት ያለው ነገር አለ። ከመሪው ሥር ባለው የኮምፒውተር መሰኪያ ላይ የሚገባ ሌላ አለ። አየር መሳቢያው ውስጥ የሚቀመጥ የቆርቆሮ ማራገቢያ፣ ታንከር ውስጥ የሚጣል ክኒንም አለ። ሁሉም፣ እንደ ሰውየው አባባል፣ ነዳጅ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቆጥባሉ፤ ጉልበትም ይጨምራሉ።

ይህን የሰሙ በርከት ያሉ አባሎቻችን ዕቃው በጅምላ እንዲገዛላቸው፣ ገንዘቡም ከማኅበሩ ካዝና ወጥቶ በየወሩ ከመዋጮ ጋር እንዲቆረጥባቸው ጠይቀዋል። ኮሚቴውም ነገሩን እንድናይ ለሦስታችን ሰጠን። ከእኛ መካከል ሁለታችን በማሽከርከር የምንተዳደር ነን፤ ሦስተኛችን ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። ዛሬ የምንናገረውም ያየነውንና አንብበን ያገኘነውን ነው።

ጥያቄያቸው የሚያስቅ አይደለም። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር መቶ ብርን ካለፈ ወዲህ የሚኒባስ ሾፌር ኑሮ ምን እንደ መሰለ ሁላችንም እናውቃለን። ለባለ መኪናው የሚሰጠው ገቢ የተወሰነ ነው፤ ነዳጁ ግን ከሾፌሩ ድርሻ የሚወጣ ነው። የምትቆጠበው እያንዳንዷ ሊትር ለልጅ ደብተር የምትሆን ናት። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለንን አሮጌ መኪና እንደምንም አስታመን መያዝ ግድ ሆኖብናል። እንዲህ የተቸገረ ሰው ባለበት ደግሞ መድኃኒት ሻጭ አይጠፋም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ሻጩ ሁልጊዜ የሚነሣባት አንዲት አባባል አለችው፤ “ሞተራችሁ ነዳጁን አቃጥሎ አይጨርስም፤ ሲሶው በጭስ ይወጣል፤ ይህ ዕቃ ያንን ያቃጥለዋል” ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ከነዳጁ ጉልበት ውስጥ ጎማው ድረስ የሚደርሰው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። እንደ አነዳዱ ከመቶ ከ12 እስከ 30 እጅ ብቻ ነው። የቀረው ግን ሳይቃጠል የቀረ አይደለም! ተቃጥሎ ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ የሄደ ነው። ደኅና በሆነ የቤንዚን ሞተር ውስጥ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ነዳጅ ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። እንግዲህ ያንን አንድ ሁለት እጅ ሙሉ በሙሉ የሚያቃጥል ተአምረኛ ዕቃ ቢገኝ እንኳ፣ ከአንድ ሁለት እጅ በላይ ትርፍ ከየት ይመጣል? ሠላሳ በመቶ የሚቆጥበን፣ መጀመሪያ ሠላሳ በመቶ ስንደፋ ከነበርን ብቻ ነው።

ስንደፋ ብንኖር ኖሮስ? ይህንን መካኒኮች ደኅና አድርገው ያውቁታል። አንድ ካንዴላ ሲበላሽ የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። እዚያ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ያለበት መኪና ከሆነ፣ ነዳጁ እዚያ ውስጥ ይቀጣጠልና ካታሊቲኩ እንደ ፍም ይቀላል፣ ብዙ ከቆየም ይቀልጣል። ሲሶ ነዳጅ በጭስ የሚወጣበት መኪና ከቦሌ ፒያሳ ሳይደርስ ያስታውቃል እንጂ ሻጭ መጥቶ እስኪነግረን አይጠብቅም።

ናፍጣ ላይ ጥቁር ጭስ የምናየውስ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ምልክት ነው። ነገር ግን ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያፈስ ኖዝል ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ፖምፓ። ኖዝሉ ይታያል፣ ፖምፓው ይስተካከላል፤ ጭሱም ይጠፋል። ማግኔት አስሮ የኖዝል በሽታ የዳነለት ሰው አላየንም።

ማግኔቱን ካነሣን አይቀር እዚያው እንጨርሰው። ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ እንደ ብረት በማግኔት የሚሳብ ነገር አይደለም። ጎማ ቱቦ ላይ የታሰረ ማግኔት የነዳጁን ጠባይ የሚለውጥበት መንገድ የለም። ይህ ንግድ ደግሞ በእኛ አገር አልተጀመረም። አሜሪካን አገር ፊውልማክስ የሚባል ማግኔት 27 በመቶ ይቆጥባል እየተባለ ይሸጥ ነበር። የዚያ አገር የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሻጮቹን ከሰሰ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው፣ ማለትም ኢ.ፒ.ኤ.፣ ዕቃውን ሞክሮ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘበትም።

ይኸው ኢ.ፒ.ኤ. የተባለው መሥሪያ ቤት ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን እየመረመረ ውጤቱን ለሕዝብ ሲያሳውቅ ቆይቷል። ያያቸው ከመቶ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ነዳጅን በሚያረካ መጠን የቆጠበ አንድም አልተገኘም። ጥቂቶቹ ትንሽ ለውጥ አሳይተዋል። ከጥቂቶቹ አንዱ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ነዳጅ ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ የአየር ማቀዝቀዣውን ለጊዜው ያጠፋል። ይህንንማ ጣታችንም ይሠራዋል።

ከመሪው ሥር የሚሰካው ይባስ ብሎ አስቂኝ ነው። “የመኪናውን ኮምፒውተር ያጠናል፤ ጠባያችሁን ተምሮ ነዳጁን ያስተካክላል” ይሉታል። ከፍተው ያዩት ሰዎች ውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚሉ መብራቶችና እነርሱን የምታበራ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ብቻ አግኝተዋል። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ሽቦ እንኳ ያልተገናኘበት አለ። ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካውም የዚሁ ወንድም ነው።

የቆርቆሮ ማራገቢያው አየሩን ያሽከረክራል ይባላል። ሆኖም በአየር መንገድ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር እንቅፋት ነው። የኢንጀክሽን መኪና ደግሞ የገባውን አየር ራሱ ለክቶ፣ በጭስ ማውጫው ላይ ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እያረጋገጠ ነዳጁን ያመጣጥናል። ከውጭ ብናታልለው መልሶ ያስተካክለዋል። የእኛ ትልቁ ስጋት ግን ሌላ ነው፤ ቆርቆሮው አንድ ቀን ተላቅቆ ወደ ሞተር ከገባ የሚቆጠበው ነዳጅ ሳይሆን የሚታደሰው ሞተር ነው የምናወራው።

ስለ ክኒኑ ብዙ አንልም። ማሸጊያው ላይ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበትን ነገር ታንከራችን ውስጥ አንጨምርም። በቃ።

ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የውኃው ጠርሙስ ነው፤ ምክንያቱም ሐሳቡ የተማረውንም ሰው ስለሚያታልል። ሻጩ ለአንዳንዶቻችሁ ሥዕሉን አሳይቷል። ጠርሙስ ውስጥ ውኃ አለ፤ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ይገባበታል፤ ውኃው ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ሆኖ ይለያያል፤ ጋዙ ወደ ሞተር ገብቶ ይቃጠላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሃይድሮጂን ይነዳል። ጥያቄው ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ የሚለው ነው። ከዲናሞው። ዲናሞውን ማን ያዞረዋል? ሞተሩ። ሞተሩን ማን ያዞረዋል? ያው የገዛነው ቤንዚን። በየመተላለፊያው ጉልበት በሙቀት እየባከነ ስለሚሄድ፣ ከውኃው የምናገኘው ሁልጊዜ ለውኃው ካወጣነው ያንሳል። ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ስናዘዋውር መንገድ ላይ ሳንቲም እንደሚወድቅብን ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲሁ ያለ ዕቃ ቢያንስ 50 በመቶ ይቆጥባል እያሉ ሲሸጡ የነበሩትን እ.ኤ.አ. በ2009 ፍርድ ቤት አስቁሟቸዋል።

“ታዲያ ፋብሪካዎቹ ደብቀውት ነው” የሚል ክርክርም ሰምተናል። ይህ ወሬ እኛ ሳንወለድ የተጀመረ ነው። በ1930ዎቹ ቻርልስ ፖግ የተባለ ካናዳዊ ልዩ ካርቡሬተር ሠራሁ ብሎ ነበር፤ በጊዜው በሊትር ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል ተባለለት። ፓተንቱንም አወጣ። ገለልተኛ የሆነ ሰው ለክቶ አላረጋገጠውም፤ ነዳጅ ኩባንያዎች ገዝተው ቀበሩት የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ ይሄዳል። ሰዎች የሚረሱት ፓተንት ማለት አሠራሩ ለዓለም ሁሉ የተጻፈ ነው ማለት መሆኑን ነው። የጥበቃው ዘመን ካለቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የፈለገ ሰው ሠርቶ መሸጥ ይችላል። መኪና ፋብሪካዎች በሊትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ለማትረፍ እርስ በርሳቸው ሲተናነቁ እያየን፣ 30 በመቶ የሚቆጥብ ማግኔት አላየንም ብለው ያልፋሉ ማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ አባላችን ባለፈው ያነሡትን ጥያቄ እንመልስ። “እናንተ ይህን ትላላችሁ፤ እኔ ግን ገጥሜው አዳማ ሄጄ መኪናዬ በረረች” ብለው ነበር። ጋሼ ዋሽተዋል አንልም፤ መኪናዋ በርራለች። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ጋሼ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው የወረዱት። ነዳጅ የሚቆጥብ ዕቃ መሞከር የፈለገ ሻጭ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚሄድን ሰው ቢመርጥ አይሳሳትም። መልሱን ማለትም ሽቅቡን ግን ማንም አይለካውም።

ቁልቁለቱ ብቻም አይደለም። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከፋብሪካው ጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን፣ እንዲያውም እስከ አራት እጅ አንዱን ያጣል። “መኪናዬ ሰነፈች፣ እንጦጦን አልወጣ አለች” የሚለው እሮሮ ብዙውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን ከፍታ ነው። ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርዱ አየሩ ወፍራም ስለሚሆን ሞተሩ ይነቃቃል። ማግኔቱ እዚያ አብሮ በመገኘቱ ብቻ ምስጋናውን ወሰደ።

ጉልበትን በእውነት የሚጨምር ነገር የለም ወይ ብትሉ፣ አለ። ቱርቦ አየርን በግድ እየገፋ ስለሚያስገባ በእርግጥም ጉልበት ይሰጣል፤ በከፍታችን ላይ ደግሞ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ቱርቦ ባለው ናፍጣ መኪና ላይ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ባለሙያ ቢለውጠው ጉልበት መጨመሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን እነዚህ በቦርሳ ተይዘው በር ላይ የሚሸጡ አይደሉም፤ ሲጨመሩም ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚችሉት መሆኑ መታየት አለበት። ጨምሮ የተገኘ ጉልበትም ሲረገጥ ነዳጁን ይበላል። ጭራሽ መጠንቀቅ ያለብን “ካታሊቲኩን አውጡት፤ ማርሚታውን ቅደዱት፤ መኪናው ይተንፍስ” የሚሉትን ነው። ጩኸቱ ይጨምራል፤ ጩኸቱንም ሰው ጉልበት ይመስለዋል። ጭሱን የሚጠጡት ግን በመንገዱ ዳር የሚቀመጡት የእኛው ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ እውነተኛ ሰዎች ለምን ይመሰክራሉ ለሚለው። ዕቃ የገዛ ሰው በማግስቱ ጀምሮ ነዳጁን ይከታተላል። የሚከታተል ሰው ቀስ ብሎ ይረግጣል። ሲገጥም ጎማውንም ያስነፋል፣ ፊልትሮውንም ያስለውጣል። የታንከሩ ልክም አታላይ ነው፤ ማደያው ላይ መኪናው ትንሽ ካዘነበለ፣ ቀጂው ቶሎ ካቆመ፣ ሁለት ሦስት ሊትር ወዲህ ወዲያ ይላል። ሃያ ሊትር ለሚቀዳ ሰው ሁለት ሊትር አሥር በመቶ ነው! ስለዚህ መለካት የሚፈልግ ሰው ታንከሩን አፉ ድረስ ሞልቶ፣ በዚያው ማደያ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ ደጋግሞ ይለካ። አንድ ሳምንት ከዕቃው ጋር፣ አንድ ሳምንት ያለ ዕቃው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሌላ ሰው ኮፋኖውን ከፍቶ ማግኔቱን ይሰርለት ወይም ይፍታለት፤ ሾፌሩ ግን የትኛው እንደሆነ አይነገረው። ይህንን ለሻጩ ሐሳብ አቅርበንለት ነበር። እስካሁን አልተመለሰም።

እንግዲህ ገንዘባችን የት ቢውል ይሻላል? ትልቁ ነገር እግራችን ነው። ቆም ሂድ በሚበዛበት መንገድ ላይ በኃይል ረግጦ በኃይል ፍሬን መያዝ፣ በረጋ መንፈስ ከመንዳት ጋር ሲተያይ፣ የነዳጁን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። ከቦርሳው ውስጥ ይህንን የሚያህል አንድም ዕቃ የለም። እኛም ታክሲ ላይ ስለምንሠራ ተሳፋሪ ለመሽቀዳደም መሮጥ ግድ እንደሚሆን እናውቃለን፤ ቢሆንም ቀይ መብራት እያየን መርገጥ ግዴታ አይደለም። ለማደያ ሰልፍ ሞተር ሳናጠፋ አንድ ሰዓት ብንቆም ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቆመን እናቃጥላለን።

ቀጥሎ ጎማ ነው። የአራቱም ጎማ ንፋስ በአሥር ፒ.ኤስ.አይ. ቢጎድል ሁለት በመቶ ያህል ነዳጅ ይወስዳል፤ ጎማውንም ይበላዋል። ካርቡሬተር ባላቸው እንደ ላዳ ባሉ መኪናዎች ላይ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ መለወጥ ከ2 እስከ 6 በመቶ ያተርፋል። በኢንጀክሽን መኪና ላይ ግን ፊልትሮ ነዳጅ እንደማይቆጥብ፣ ጉልበቱን ብቻ እንደሚመልስ እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። ይህንን የምንለው ፊልትሮ ሻጮችም እንዳያጋንኑብን ነው። ለባሕር ጠረፍ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ የነዳጅ ማለፊያ ቀዳዳውን በልኩ የሚያስተካክል መካኒክ ማግኘት ከአሥር ማግኔት ይበልጣል። የሞተር መብራት በርቶ “ዝም በለው፣ ይሄዳል” የምንለው ነገርም አለ፤ የተበላሸው የኦክስጅን ሴንሰር ከሆነ እስከ 40 በመቶ ነዳጅ የሚያስጠፋበት ጊዜ አለ። ፖርቶ መጋላው ላይ ለወራት የተረሳ ዕቃ ይውረድ። አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ የሚዞር ትንሽ መኪና ወደ ሁለት በመቶ ያህል ይከፍልበታል።

በዚህ መሠረት ለኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለማግኔቱም ሆነ ለሌሎቹ ዕቃዎች ከማኅበሩ ካዝና ብድር እንዳይሰጥ። በገዛ ገንዘቡ መግዛት የሚፈልግ አባል መብቱ ነው፤ ነገር ግን የነዳጅ ቱቦ ቆርጦ የሚገባ ማንኛውም ዕቃ በግቢያችን ውስጥ እንዳይገጠም እንጠይቃለን፤ በደንብ ያልታሰረ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ቢያንጠባጥብ የሚቃጠለው የባለ መኪናው ንብረት ብቻ አይደለም። ለዚያ ተብሎ ከተጠየቀው ገንዘብ በትንሹ አንድ ደኅና የጎማ መለኪያና በእግር የሚሠራ መንፊያ ተገዝቶ በጥበቃው ቤት እንዲቀመጥ፣ ካንዴላና ፊልትሮ ለመለወጥ የቸገረው ሾፌር ካለም ብድሩ ለዚያ እንዲሰጠው።

ኮሚቴው መለኪያውንና መንፊያውን ፈቅዷል፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከጥበቃው ቤት መውሰድ ይቻላል። ፈርማችሁ ውሰዱ፤ በዕለቱ መልሱ። የብድሩ ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።